ሥዕሉ ውስጥ ሰው የለበትም እንዴ?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቻይናታውን አካባቢ ሐበሻ ብዙ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው፣ ሁሉም በየቀኑ የሚያልፍበት ባለ ትላልቅ ዓምድ ሕንፃ አለ። ድሮ የፓተንት መሥሪያ ቤት ነበር። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1865 ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ሲይዝ የተደረገው ግብዣም እዚያው ውስጥ ነው የተካሄደው። ዛሬ የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለበት። መግቢያው በነፃ ነው። ቦርሳህን ታስፈትሻለህ፣ ትገባለህ፣ በቃ። ሆኖም በሩ ላይ እያለፉ ዓመታት የኖሩ፣ ገብተው ግን የማያውቁ ብዙ ያገሬ ልጆች አውቃለሁ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ጊዜ ከየት ያመጣል?

እኔ ሰሞኑን የገባሁት ልጆቿን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ የመጣች አክስቴን ይዤ ነው። ማየት የፈለግሁት የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ነበር። ስለ ሥዕል አዋቂ ነኝ አልልም፤ የዚያን ዘመን አሜሪካ ግን በቀለም ማየት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የቆምነው አልበርት ቢርስታት በ1868 የሣለው ትልቅ የሴራ ኔቫዳ ሥዕል ፊት ነው። ወርዱ ሦስት ሜትር ይሆናል። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከደመናው መሃል ሰንጥቆ የሚወርድ ብርሃን፣ ፏፏቴ፣ መስተዋት የመሰለ ሐይቅ፣ ዳር ላይ ውሃ ለመጠጣት የወረዱ አጋዘኖች። አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አየችው። ከዚያ፣ «ሰው የለበትም እንዴ?» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ውሃና ሣር ባለበት አገር፣ ከብቱን የሚያጠጣ አንድ እረኛ እንኳን ይጥፋ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የጥያቄዋ ክብደት የገባኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1848 ወደ 150,000 የሚጠጋ ነባር ሕዝብ ይኖር እንደነበር ይገመታል። ወርቅ ተገኘ ተብሎ ዓለም ወደዚያ ሲጎርፍ፣ በበሽታ፣ በረሃብና በግድያ አብዛኛው አለቀ። በ1870 የቀረው 30,000 ገደማ ነው ይባላል። ሥዕሉ የተሣለው ሰዉ እያለቀ ባለበት ዘመን ነው ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ግን አጋዘን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቢርስታት ይህንን የሣለው ሮም ተቀምጦ ነው። ካሊፎርኒያን አይቷታል፤ ግን ያየውን ከዚህም ከዚያም አዋህዶ፣ በዚያ መልክ የትም የሌለ አገር ፈጠረ። ወደ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ሥዕሉ በርሊንና ለንደን ላይ ታየ፣ እዚያ ያየው ሰውም ልቡ ሸፈተ። ሰዓሊው ራሱ ጀርመን ተወልዶ በሕፃንነቱ የመጣ ስደተኛ ነው።

እዚህ ላይ ስለራሳችን ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም። እኛም ለአገር ቤት ሥዕል እንልካለን። በረዶ ላይ ቆመን፣ መኪና ተደግፈን፣ ልጆቻችንን የምረቃ ጋውን አልብሰን። ፎቶው ውሸት አይደለም፤ መኪናውም አለ፣ በረዶውም አለ። የሌለው የሌሊት ፈረቃው ነው፣ በየወሩ መጀመሪያ የሚመጣው የቤት ኪራይ ነው፣ እናቷ ስትሞት ለቀብር ሳትደርስ የቀረች ልጅ ናት። ያንን ፎቶ አይቶ በበረሃና በባሕር የተነሣ ወጣት ስንት ነው? ይህ ከልቤ ያሳስበኛል፤ የምንልከው ላይ ማን እንደጎደለ ለታናናሾቻችን መንገር አለብን ብዬ አምናለሁ።

የቶማስ ሞራን የየሎውስቶን ሸለቆም እዚያው ሙዚየም ነው ያለው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1872 በ10,000 ዶላር የገዛው ሥዕል ነው። በዚያው ዓመት የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ሞራን ከቦታው ይዟቸው የመጣቸው የውሃ ቀለም ሥዕሎችም የምክር ቤቱን አባላት ለማሳመን ረድተዋል። አንድ አገር ለተራራውና ለፏፏቴው ሕግ ማውጣቱ የሚያስቀና ነገር ነው፣ አልደብቅም። ግን እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሾሾኒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እንዲወጡ ተደረጉ። ይሄ ለኛም ሩቅ ታሪክ አይደለም። ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ እንዲጠበቅ እኔም እፈልጋለሁ፣ ዋልያው መጥፋት የለበትም። የስሜንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ግን ገደሉና ጭላዳው አለ፣ ገብስ ያበቅል የነበረው የግጭ ገበሬ የለም።

እኛ ጋ ያው ዘመን ሥዕሉ ሌላ ነው። ቢርስታት ያንን ሐይቅ ሲሥል አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የወደቁበት ዓመት ነበር። የኛ ሰዓሊዎች የሚሥሉት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ቅዱሳንን፣ መላእክትን፣ ነገሥታትን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትን የዓድዋ ሥዕሎች አስቧቸው፤ ክፍት ቦታ የላቸውም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ፣ ምኒልክ በጃንጥላቸው ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ጋሻና ጦር የያዘው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ። የኛ ወገን በሁለት ዓይኑ ያይሃል፣ ጠላት በጎኑ ነው የሚሣለው። ተራራው ግን የለም ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ሠራዊት በእህልና በበቅሎ ያደረሰው ገበሬም እንደዚያው።

አክስቴ ብዙ የቆየችው ግን ከትልልቆቹ ፊት አይደለም። ግማሽ ሜትር ከፍታ የማይሞላ አንድ ሥዕል አለ፣ የዊንስሎ ሆመር፣ በ1876 የተሣለ። የቀድሞዋ እመቤት ጉብኝት ነው የሚለው። አንድ ጎጆ ውስጥ ባሪያ የነበሩ ጥቁር ሴቶች አሉ፣ አንዷ ሕፃን ይዛለች። በቀኝ በኩል ጥቁር የለበሰች ነጭ ሴት ገብታ ቆማለች። ባርነት በሕግ ከቀረ 11 ዓመቱ ነው። ማንም አይስቅም፣ ማንም አይጣላም። መሃላቸው ያለው ክፍተት ብቻ ይታያል። ታሪኩን በአጭሩ ነገርኳት። አክስቴ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ፣ «አንዷ አልተነሣችም» አለች።

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። አያቴ አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበሩ፣ የምርቱን እኩሌታ ለባለመሬቷ ይሰጡ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ አክስቴ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ባለመሬቷ ሳይጠሯት መጣች፣ ያለ አሽከር፣ ብቻዋን። «እናቴ ብድግ አለች፣ ልማድ ነው» አለችኝ። «እኔ ግን አልተነሣሁም። እናቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ፣ እንዲያም ሆኖ አልተነሣሁም። ሴትዮዋ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። የት እንደምትቀመጥ ጨንቋት በሩ ሥር ቆማ ቀረች።» ቡና ተፈላ፣ አቦል ጠጥታ ሄደች። ክፉ ሴት አልነበረችም ትላለች አክስቴ፤ ቢሆንም ያን ዕለት አልራራችላትም፣ ዛሬም ትክክል ነበርኩ ነው የምትለው።

ሆመር ያንን ክፍል የሣለው ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ነው። እኛ ጋ ከአዋጁ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነ። ስለ መሬት ላራሹ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተጨቃጭቀንበታል፣ አሁንም እንጨቃጨቃለን። ጭሰኛና ባለመሬት አንድ ጎጆ ውስጥ ቆመው የሚተያዩበት ሥዕል ግን እኔ አላየሁም። ካለ ደስ ይለኛል፣ አሳዩኝ። እዚያ ሙዚየም የትምህርት ቤት ልጆች ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ እርሳስ ይዘው፣ የዚያችን እመቤት ቀሚስ ሲስሉ አይቻለሁ። መምህራቸው «ለምን ይመስላችኋል ያቺ ያልተነሣችው?» እያለች ትጠይቃቸዋለች። የኛ ልጆችም እንዲህ ቢጠየቁ እወዳለሁ።

አለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የምትማሩ ልጆች ይህን ካነበባችሁ፣ የሚያስታውሱት ሰዎች ገና አሉ። ሴትዮዋ ምን እንደለበሰች፣ ጀበናው የት እንደነበር፣ ማን የቱ ጋ እንደቆመ አክስቴ አንድ በአንድ ትናገራለች። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ትመለሳለች፣ የሚሥል ሰው ከመጣ ቁጭ ብላ ልትነግረው ዝግጁ ናት።