በእጅ የያዙት መስመር

የኤሌክትሪክ ኃይል እጥረት ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ «አዲስ ማስተላለፊያ መስመር ይዘርጋ» ነው። ለምረቃና ለሪባን መቁረጥም ይመቻል። ግን የመሬቱ፣ የካሳውና የፈቃዱ ጣጣ ተደማምሮ አንድ ከፍተኛ መስመር አሥር ዓመት ቢፈጅ አይገርምም። እኔ ግን ቀድሞ የተዘረጋው መስመር ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል መጀመሪያ ይጠየቅ ባይ ነኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? (ሽቦው እንኳ መዳብ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ መሃሉ ብረት።)

ሽቦ ብዙ ሲሸከም ይሞቃል። ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲረዝም ወደ መሬት ይረግባል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሦስት ባለ 345 ኪሎ ቮልት መስመሮች ከአርባ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተራ በተራ ዛፍ ነክተው ተቋረጡ። ጣጣው ተዛምቶ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት አጣ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው መስመር ሲቋረጥ ጭነቱ የአቅሙን ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። ችግሩ ሳይቆረጥ ያደገው ዛፍ ነው። መጋዝም የመስመር አቅም ያስጠብቃል ማለት ነው።

ቀጥሎ ነፋስ አለ። የመስመር አቅም የሚሰላው መጥፎው ቀን ታስቦ ነው፦ ኃይለኛ ፀሐይ፣ በሰከንድ 0.6 ሜትር ገደማ የሆነ ደካማ ነፋስ። ቀዝቃዛና ነፋሻ ሌሊት ላይም ብዙ ቦታ ያው ቁጥር ይሠራል። ሽቦው ላይ መለኪያ ተገጥሞ አቅሙ እንደ አየሩ ቢሰላ፣ ያለ አንድ አዲስ ምሰሶ ተጨማሪ ኃይል ያልፋል። ለነፋስ ኃይል ማመንጫማ ሠርግና ምላሽ ነው፤ ተርባይኑን የሚያሽከረክረው ነፋስ ሽቦውንም ያቀዘቅዛል።

ሽቦውን መቀየርም ይቻላል። መሃሉ የካርቦን ፋይበር የሆነው ሽቦ ሲሞቅ ብዙም ስለማይረግብ፣ በዚያው ምሰሶ ላይ እጥፍ ያህል ይሸከማል። ሻጮቹ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ብክነት ላይ ሲደርሱ ነው። ከረንቱ (በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት) እጥፍ ሲሆን በዚያው ሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው አራት እጥፍ ይሆናል። አዲሱ ሽቦ የተሻለ አሉሚኒየም ቢኖረውም ይህን ሁሉ አያካክስም። ስለዚህ ለጥቂት የጭንቅ ሰዓታት እሰየው፤ ዓመቱን ሙሉ ሊጫን ከሆነ ግን ሒሳቡ ደግሞ ይሠራ።

ይህ ሁሉ ለአጫጭር መስመሮች ነው። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በሚሄድ መስመር ላይ ከሙቀቱ በፊት የቮልቴጅ መውረድና የሲስተሙ መናጋት (ማመንጫዎቹ እርስ በርስ መናበብ ማቃታቸው) ይቀድማሉ። እዚያ ሽቦ መቀየር ብር መበተን ነው። የሚረዳው በመስመሩ ላይ በተከታታይ የሚገባ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክን ለአፍታ ይዞ የሚለቅ ዕቃ) ነው፣ ወይም ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ።

ሌላው የሚረሳው ጫፉ ነው። ሽቦው ተቀይሮ በማከፋፈያ ጣቢያው ያለው አሮጌ ብሬከር (መስመሩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ዕቃ) 800 አምፔር ብቻ የሚችል ከሆነ፣ የመስመሩ አቅም ያው 800 አምፔር ነው።