ለክቡር ማትሪክስፎርም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዲተርሚናንት ስለመከልከል

ክቡርነትዎ፣ ማቴማቲካ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ውስጥ የተሰጠዎት ሥራ አንድ ነው፤ ቅንፍ በቅንፍ ተደራርቦ የሚወጣውን የቁጥር ዝርዝር ረድፍና ዓምድ አስይዘው ማሳየት። ለዚህ ውለታዎ አዳማ ያለን ተገልጋዮች ምስጋናችን ወደር የለውም።

ትናንት ግን በአንዲት ተመራቂ የጥናት ግምገማ ላይ፣ መብራት እንኳ በስንት ልመና ሳይጠፋ፣ ጉድ አደረጉን። ግድግዳው ላይ የተንጣለለው ማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) 3 በ3 ነው፦ ከላይ 2፣ 1፣ 0፤ መሃል 1፣ 3፣ 1፤ ከታች 0፣ 1፣ 2። ዲተርሚናንቱ፣ ማለትም ከካሬ ማትሪክስ የሚሰላው አንድ ቁጥር፣ በእጅ ሲሠራ 8 ይመጣል። ሲስተሙ የመለሰው ግን «ካሬ ማትሪክስ አይደለም» የሚል ነው። ሦስት ረድፍ፣ ሦስት ዓምድ፣ ካሬ አይደለም! ኢንቨርስ (የማትሪክሱ ተገላቢጦሽ) ተጠየቀ፤ ያው። ማትሪክሱ በራሱ ይባዛ ሲባልማ ጥያቄው እንዳለ ተመልሶ ተጻፈ፤ ማስጠንቀቂያ እንኳ የለውም። ፈታኞቹ ተያዩ።

ጥፋቱ ምንድን ነው? ልጅቷ «ኤም» ብላ ዝርዝሩን መደበችና ጫፉ ላይ በሁለት እዝባር (//) እርስዎን ጠራች። ሁለቱ እዝባሮች ከእኩል ምልክቱ ቀድመው ስለሚሠሩ ኤም ውስጥ የገባው ዝርዝሩ ብቻውን ሳይሆን በእርስዎ የተጠቀለለው ሆነ። ምደባውን በሙሉ በክብ ቅንፍ አጥሮ እርስዎን ከቅንፉ ውጭ መጥራት ይበቃ ነበር። እንግዲህ አንድ ጥንድ ቅንፍ ስለጎደለ፣ ማህተም እንደጎደለው ማመልከቻ፣ ነገ ተመለሱ።

ለመታየት የተሠራህ ነገር ስሌት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ? የሚያናድደው ደግሞ፣ የቀደመውን ውጤት በመቶኛ ምልክት ስንጠራው ዲተርሚናንቱ በሰላም ይወጣል፤ ውጤት ታሪክ ውስጥ ሲቀመጥ አንተ ትገፈፋለህና። ስም ስንሰጠው ግን ሙጭጭ ትላለህ። ስለዚህ ቤት ሲሞከር ይሠራል፣ ፈታኝ ፊት ያዋርዳል። ሰው ስንት ሌሊት የለፋበትን ነገር!

ነጠላ ዝርዝርን ቁልቁል ደርድረው ዓምድ ማስመሰልዎን ለዛሬ ትተነዋል። ሴጅ የተባለው ሌላ የሒሳብ ሶፍትዌርም ቢሆን ማትሪክሱ ሲተልቅ ቁጥሮቹን ደብቆ «በኤስቲአር (በማሳያ ትእዛዙ) ጠይቁ» ይላል፤ እሱ ግን ቢያንስ መስኮቱን ይነግራል።

ከእንግዲህ በእጅ አንጠራዎትም። ማቴማቲካ ውጤት ከማሳየቱ በፊት በሚያልፍበት «ዶላር ፕሪፕሪንት» ላይ፣ ውጤቱ ማትሪክስ ከሆነ ብቻ እርስዎ እንዲደርሱ የሚያዝ አንድ መስመር ጽፈናል። ሥራው ከማሳየት ስለማያልፍ ኤም አይነካም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለዲተርሚናንት
ለኢንቨርስ
ለክብ ቅንፍ፣ ለጥብቅ ክትትል