ዲስኩ ላይ በቂ ቦታ አለ፤ የድሮው ድምፅ የት ሄደ?

አንድ የቆየ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ከዲቪዲ የበለጠ በሚይዘው የብሉሬይ ዲስክ ዳግም ሲታተም ሁሉም የሚያወራው ስለ ሥዕሉ ጥራት ነው። የድምፁ ነገር የሚነሳው ሳጥኑ ተገዝቶ ከተከፈተ በኋላ ነው። "ኒዮን ጀነሲስ ኢቫንጌሊዮን"ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ መታየት የጀመረው ይህ ባለ 26 ክፍል ሥራ በእንግሊዝኛ ተመልካች ዘንድ የታወቀው የአሜሪካው አሳታሚ ኤዲቪ ፊልምስ ባሠራው ዳቢንግ (በጃፓንኛው ፋንታ በተቀረጸ የእንግሊዝኛ ድምፅ) ነው። በ2019 ኔትፍሊክስ ሲያቀርበው ግን በአዳዲስ ተዋንያን እንደገና ተቀረጸ፤ የዋናው ገጸ ባሕሪ የሺንጂ ድምፅ ከስፓይክ ስፔንሰር ወደ ኬሲ ሞንጂሎ ዞረ። በየክፍሉ መዝጊያ የሚሰማው "ፍላይ ሚ ቱ ዘ ሙን" የተሰኘው ዘፈንም ከጃፓን ውጭ እንዳይሰማ ተደረገ። በ2021 አሳታሚው ጂኪድስ ብሉሬዩን ሲያወጣ መደበኛው ሳጥን የያዘው ይህንኑ አዲስ ድምፅ ብቻ ሆነ። የድሮውን የፈለገ በውስን ቁጥር የታተመውን ውድ ሳጥን መግዛት ነበረበት። ዘፈኑማ የትኛውም ውስጥ የለም።

ቦታ አልበቃም እንዳይባል ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ክፍል 24 ደቂቃ ቢሆን 26ቱ 624 ደቂቃ ይሆናሉ። በሰከንድ 192 ኪሎቢት የሚወስድ ስቴሪዮ ድምፅ ለዚህ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ባለ ሁለት ንብርብር ብሉሬይ ደግሞ አንዱ ብቻ 50 ጊጋባይት ይይዛል። የመብት ድርድር ገንዘብ እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው። ግን ለውዱ ሳጥን የተገኘ ፈቃድ ለርካሹ የሚከለከልበት ምክንያት፣ በእኔ እይታ፣ ገበያ እንጂ ሌላ አይደለም።

የሚገርመው፣ በሥዕል አያያዙ ብዙ የተወቀሰው የአሜሪካው አኒሜ አሳታሚ ፉኒሜሽን በዚህ በኩል የተሻለ ሠርቶ ነበር። ከ2007 ጀምሮ ያወጣቸው የ"ድራጎን ቦል ዚ" ዲቪዲዎች የ4:3ን (የድሮ ቴሌቪዥን ቅርጽ ያለውን) ሥዕል ለሰፊ ስክሪን ሲሉ ከላይና ከታች ቆርጠውታል፤ የዋናው ገጸ ባሕሪ የጎኩ ፀጉር ጫፍ ሳይቀር ከፍሬሙ ይወጣል። ድምፁ ላይ ግን ሦስት ምርጫ ነበር፦ ጃፓንኛ፣ እንግሊዝኛ ከጃፓኑ ሙዚቃ ጋር፣ እንግሊዝኛ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከተላለፈው ሙዚቃ ጋር። የማንም ምርጫ ለሌላው ሲባል አልተጣለም።

ሥዕሉን በተመለከተ ሳጥኑ ጀርባ ላይ የዲስኮቹን ብዛት ቁጠሩ። 12 ክፍል በአንድ 50 ጊጋባይት ዲስክ ሲገባ በሰከንድ 23 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፣ ይበቃል። በ25 ጊጋባይት ሲጨመቅ ግን ግማሹ ነው የሚቀረው፤ የምሽት ሰማይ ላይ ቀለሙ እንደ ደረጃ እየተከፋፈለ የሚታየው ያኔ ነው።

ከውጭ ዘመድ እንዲልክ የምታስቡ ደግሞ ሪጅኑን፣ ማለትም ዲስኩ የሚሠራበትን የዓለም ክፍል ኮድ፣ ሳታዩ እንዳታዙ። ብሉሬይ ላይ አሜሪካና ጃፓን ኤ ናቸው፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ቢ። ዋሽንግተን የተገዛ የኤ ዲስክ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ባለ የቢ ማጫወቻ ውስጥ ቢገባ የሚወጣው የስህተት መልእክት ነው። ከለንደን የመጣ ይሠራል። ከበርሊን የመጣም ይሠራል፣ ግን እዚያ ከሚታተሙት ብዙዎቹ ጀርመንኛና ጃፓንኛ እንጂ እንግሊዝኛ የላቸውም። ዲቪዲ ላይ ይብሳል፦ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5። የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ሪጅን የሚያስቀይረው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። 4ኬ (ከተራው ብሉሬይ የጠራ ሥዕል የሚይዝ) ዲስክ ሪጅን የለውም፤ አብሮት የሚታሸገው ተራ ብሉሬይ ግን ሊኖረው ይችላል።

ሳጥን ውስጥ የሚገኘውን፣ ሥራውን በኢንተርኔት ለማየት የሚያስችለውን የዲጂታል ኮድ እንደ ትርፍ አትቁጠሩት። ፉኒሜሽን አገልግሎቱን በኤፕሪል 2024 ሲዘጋ ደንበኞች በኮድ ያስገቧቸው ቅጂዎች ወደ ሌላው የአኒሜ ማሠራጫ ወደ ክራንችሮል አልተሻገሩም፤ ዲስኩን ያስቀመጠ ብቻ ማየቱን ቀጠለ።

ቅድመ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የድምፅ ዝርዝሩን አንብቡ። ሁለት ዳቢንግ ላለው ሥራ "እንግሊዝኛ ስቴሪዮ" ብቻ ተጽፎ የተዋንያን ስም ወይም የቀረጻ ዓመት ከሌለበት የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አሳታሚውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልስ እስኪመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።