ለአንድ ቀን ጤና ይስጥልን

ሥር የሰደደ በሽታን በግማሽ ቀን የሚጨርሱልን ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ደም ግፊትና ስኳር ክትትላቸው ዕድሜ ልክ ነው ይባላል። ለእነሱ ግን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት በቂ ነው።

ግንቦት 9 የዓለም የደም ግፊት ቀን ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል። ክቡርነታቸው እጅጌያቸውን ጠቅልለው ሲለኩ ካሜራ ይደርሳል። ከዚያ ሕዝቡ ተሰልፎ ይለካል። ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው "ጤና ጣቢያ ሂድ" ይባላል። ይሄዳል። እዚያ ያለው አንድ ደህና መለኪያ ለዝግጅቱ በውሰት ተወስዷል። ኪኒኑም አልቋል። ቢሆንም በባዶ እጁ አልተመለሰም፤ ቲሸርት አለው።

ነገረኛ ባለሙያዎች ይህን አይወዱም። "የኤችአይቪ ሕክምና በድሃ አገሮች የተስፋፋው በመዝገብ፣ በቀጠሮ፣ የቀረውን ታካሚ ፈልጎ በማምጣት፣ ነርሶችንም መድኃኒት እንዲያዙ በማሠልጠን ነው። ግፊትና ስኳርም በዚሁ መንገድ ይያዙ" ይላሉ። እንዴት ያለ አሰልቺ ሐሳብ ነው! መዝገብ ሪባን አይቆረጥለትም። የግፊት ኪኒኑ አምሎዲፒን ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢደርስ ማን ፎቶ ያነሳዋል?

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ጤና ጣቢያዎች በጥቂት መሣሪያና በርካሽ መድኃኒት የሚሠሩበትን መመሪያ አውጥቶ ነበር። መች ተናቀ? ዓውደ ጥናት ተካሄደበት፣ አበል ተከፈለበት፣ በሚያምር ሽፋን ታትሞ ቢሮ ውስጥ በክብር ተቀመጠ። ጤና ጣቢያ ቢላክማ ይቆሽሽ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታትም አልሰነፈም። በ2011፣ በ2014፣ በ2018 እና በ2025 እ.ኤ.አ. መሪዎች በዚሁ ጉዳይ ተሰብስበዋል። እንግዲህ በሽታው ብቻውን ሥር አልሰደደም።

ደግሞ ኅዳር 5 አለ፤ የዓለም የስኳር ቀን። ዕለቱ ከኢንሱሊን አግኚዎች አንዱ የሆነው የፍሬደሪክ ባንቲንግ ልደት ነው። ባልደረቦቹ ፓተንቱን (የፈጠራ መብቱን) ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነበር፤ መድኃኒቱ ለሁሉም እንዲዳረስ። (ከ100 ዓመት በኋላም ለሁሉም አልተዳረሰም፤ ልደቱ ግን በየዓመቱ ይከበራል።) ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ የለውም አትበሉ፤ ለዝግጅቱ ሲባል አንድ መጥቷል። የክብር እንግዶቹ ውሃ ገብቶበታል።