«ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ»፤ ከዚያስ?

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ የሚያገላብጡትን ልጆች ጠጋ ብላችሁ እዩ። አካውንቲንግ፣ ነርሲንግ፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ። የዱር እንስሳት አስተዳደር የሚል ካገኛችሁ ቀንቷችኋል። ታዲያ ተማሪው ዲፓርትመንት ሲመርጥ ይህን መጨረሻ ላይ ቢሞላው ምን ይገርማል?

ዩኒቨርሲቲ የሚገባውም ሳስቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተማሪ ሲጠፋ ቀድሞ ወንበሩ ባዶ የሚሆነው ማንም አንደኛ ምርጫው ያላደረገው ክፍል ነው።

እና ስለዚህ የዱር እንስሳት ትምህርት ክፍል «የሴቶች ድርሻ አደገ» የሚል ሪፖርት ስታዩ ቶሎ አታጨብጭቡ። ከ40 ተማሪ 10 ሴቶች ነበሩ እንበል፣ 25 በመቶ። በዓመቱ 20 ተማሪ ብቻ ገብቶ 8ቱ ሴቶች ቢሆኑ 40 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ሴቶቹ ግን በሁለት ቀንሰዋል!

ሴቶች ፍላጎት የላቸውም የሚለውን እኔ አልቀበልም። ቤት ውስጥ የሚባለውን እናውቀዋለን፦ «ሴት ልጅ ጫካ ገብታ ምን ልትሆን ነው?» አባትየው ክፋት ኖሮበት አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ዋልያ ለመቁጠር ደግሞ በጠዋት ገደል ለገደል መሄድ አለ። ይህን ሴቶቹም ይችሉታል። የሚያስመርራቸው ሌላ ነው፦ ከስካውቶቹ (ከፓርክ ጠባቂዎቹ) ጋር አንድ ክፍል ማደር፣ በር የሌለው ሽንት ቤት፣ የወር አበባ ሲመጣ ውኃ ማጣት። መስክ ልምምድ ሲታቀድ ስለ መኪናና ስለ አበል ይወራል፣ ይህን ግን ማን ያነሳል?

ከተመረቀች በኋላም ማስታወቂያው «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላታል። ትቀጠርና ቲኬት ቢሮ ትቀመጣለች። ኬንያ አምቦሴሊ አካባቢ ግን በአውሮፓውያኑ 2019 የተቋቋመው የማሳይ ሴቶች ቡድን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፓትሮል ይወጣል። ለእኛማ ጥቅሙ ይበልጥ ነበር። ባሌም ሆነ ሌላ ቦታ ማገዶ ፍለጋ ጫካ የሚገቡት በብዛት እናቶች ናቸው። ወንድ ስካውት ሲመጣ ጥለው ይሮጣሉ፣ ሴት ብትሆን ግን ቡና አፍልተው ችግራቸውን ይነግሯታል።

የወንዶ ገነት ኮሌጅም ሆነ ሌሎቹ ይህን ትምህርት የሚሰጡት ስንት ገባ የሚለውን ብቻ አይንገሩን። ስንቷ ተመረቀች፣ ስንቷስ ፓርክ ውስጥ ተቀጠረች? የዘንድሮ የመስክ በጀት ላይም ለሴቶች ድንኳን፣ ሽንት ቤትና ውኃ የሚል መስመር ይግባበት።