እርማት፦ ነጩን ክብ ለመፋቅ አትቸኩሉ

እህቴ፣ «ጠረጴዛ ላይ ነጭ ክብ ከወጣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቷል፤ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ አይለቅም» ያልሽው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። ግን ልክ አይደለም። ነጩ ክብ አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። እርጥበቱ የታፈነው ላዩ ላይ ባለው ቫርኒሽ ውስጥ ነው። ስትፍቂው ደህናውን ቫርኒሽ ታነሺና ከክቡ የባሰ ጠባሳ ትተዪበታለሽ።

እኔ ጀበና ያለ ማቶት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦብኝ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ቫዝሊን ቀብቼ አሳደርኩት፤ ጠዋት ስጠርገው ግማሹ ጠፍቷል። ለቀረው ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አነጠፍኩና ካውያውን በትንሽ ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነካሁት። አነሳሁ፣ አየሁ፣ ደገምኩ። ካውያውን እዚያው ከረሳሽው ግን ቫርኒሹ ይቃጠላል፤ የመደገሙ ነገር ለዚህ ነው። ማንም ሳያየው የሚቀር ጥግ ላይ ቀድመሽ ብትሞክሪው ደግሞ ይሻላል።

ክቡ ጥቁር ከሆነ ያንቺ ምክር ይሠራል። ያኔ ውሃው እውነትም እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፤ ቫዝሊንም ካውያም አይመልሰውም። እሱን ለአናጢ ስጪው። በረኪና ግን አታፍስሺበት።