ማን ሞተብሽ?

ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ከቅዱስ ጊዮርጊስ አስቀድሼ ወጥቼ በጣና ዳር በእግሬ እያዘገምኩ ነበር። አንዲት የደንገል ታንኳ ቀስ እያለች ታልፋለች። የጥበብ ቀሚሴን ለብሻለሁ፣ ነጠላ ደርቤያለሁ። አገሬ የገባሁ መስሎኛል።

አንዲት እናት አስቆሙኝና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉኝ። ምርቃት መስሎኝ «አሜን» አልኩ።

«ማን ሞተብሽ?»

ክው አልኩ። ማንም አልሞተብኝም። ነጠላዬን ግን አዘቅዝቄዋለሁ። ወደ ታች መውረድ የነበረበት ጥለት አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል። የሐዘንተኛ አለባበስ ነው። ቅዳሴው ላይ ሰው ለምን አንጀቱ እየተላወሰ ያየኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እኔ እኮ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ስለብስ ዓመታት አልፈዋል። ሰርግ፣ ክርስትና፣ እንቁጣጣሽ። ጥለቱ ፊቴ አጠገብ ሲሆን ፎቶ ላይ ያምራል፤ ምክንያቴ ይኸው ነው። የሜሪላንዷ ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ ያን ሁሉ ሐበሻ ይዛ አንድ ሰው እንኳ «ምነው፣ ደህና?» ያለኝ የለም። «ሲያምርብሽ!» ነው የሚሉኝ። እዚያ ልብሳችን ይታያል፤ እዚህ ይነበባል። እኒህ እናት ነጠላዬን እንደ ደብዳቤ አንብበው ነው ሊያጽናኑኝ የመጡት። ደብዳቤው ውሸት መሆኑ የእኔ ጥፋት ነው። እዚያው መንገድ ላይ ገልብጠው አለበሱኝና «እሰይ፣ አሁን ሰው መሰልሽ» ብለውኝ ሄዱ።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። አክስቴ ያቀረቡት እንጀራ ማኛ ጤፍ ነው፣ ነጭ፣ ዓይኑ የተንቆጠቆጠ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «ጥቁር ጤፍ የለም እንዴ?» አልኩ። አሜሪካ ጥቁሩን ነው የምንፈልገው። አይረን አለው፣ ለጤና ነው እንባባላለን። አይዳሆ የበቀለ ጤፍ በውድ ገዝተን፣ ሌላ ዱቄት ደባልቀንበት ስናበቃ ስለ ጤና እናወራለን። የአክስቴ ፊት ተለዋወጠ።

«ደኸዩ ብለሽ ልታሚን ነው? ማኛውን ለአንቺ ብዬ አይደል ያስፈጨሁት?»

እንግዳ ፊት የሚቀርበው ነጩ ነው። እንጀራውም ይነበባል ማለት ነው። ሁለት ዙር በልቼ በግድ ታረቅን።

ሰኞ ማታ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልንበላ ወጣን። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎኑ ተሰነጣጥቆ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር መጣ። እኔ ሱፐርማርኬት ቲላፒያ ብዬ የምገዛው በረዶ የበላው፣ ራስ የሌለው፣ እሾህ የሌለው ነገር ወገኑ ይህ እንደሆነ ማን ያምናል? የዘጠኝ ዓመት ልጄ የራሱ ሳህን እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የአክስቴ ልጅ እሾሁን ለቅማ ጉርሻ ስትዘረጋለት እጇን አየ፣ እኔን አየ፣ ጎረሰ። ለሁለተኛው አፉን ከፍቶ ጠበቃት።

ሜኑው ግን «ፊሽ ጉላሽ»፣ «ፊሽ ኮትሌት» ይላል። አስተናጋጇ «ኦርደር ልውሰድ?» ነው ያለችን። እኔ ቤቴ ውስጥ «በአማርኛ ተናገር!» እያልኩ ልጄን ስጨቀጭቅ ነው የምውለው። ዋሽንግተን ዲሲ እንኳ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤት ሄደን የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ እንችላለን። ጣና ዳር ግን ዓሣ «ፊሽ» ሆኖ ቆየኝ። ደግሞ የሚገርመው ቅር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። የአክስቴ ልጅ «ፊሽ ኮትሌት አማርኛ አይደል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሌላ ስም ፈልጌ ላርማት ብል እኔም አላገኘሁለትም።

የልጄ አማርኛ ችግሩ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም ሰው አንድ «ዩ» ነው ያለው። እዚህ አንተ አለ፣ አንቺ አለ፣ ለትልቅ ሰው አንቱ አለ። ልጄ አክስቴን ቀና ብሎ «አንተ፣ ውሃ ስጠኝ» አላቸው። «ውይ! ወንድ አደረገኝ!» አሉ። ቢስቁም እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ማታ አልጋው ላይ ቁጭ አድርጌ አስጠናሁት፦ ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ። ሃያ ጊዜ አስደገምኩት።

ጠዋት ግቢ ውስጥ በርከክ ብሎ፣ ለአክስቴ ድመት እጁን ዘርግቶ አገኘሁት።

«ይምጡ፣ ይምጡ» ይላታል።

አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሳቅ ፈረሱ። ድመቷ ግን መጣች።